የኤይኪቺ መቀነት

በመንደሩ "ታዙኮ የጠገነችው መረብ ዓሣ ቀርቶ ሐሜት አያሳልፍም" ይባላል። ወንዶቹ ከባሕር ቀዳደው የሚያመጡትን መረብ የወደቡ መጋዘን ውስጥ ዘርግታ ስትጠግን አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች፣ የመረቡን ጫፍ በእግር ጣቷ ወጥራ ትይዛለች፣ ከዚያ መርፌዋና ምላሷ እኩል ይሠራሉ። "ይኼን መረብ በሞተር ነው ወይስ በጥርስህ የጎተትከው?" ትለዋለች ባለ ጀልባውን። እሱም ይስቃል፤ ምን ምርጫ አለው!

ቀዳዳ ከሩቅ የምታይ ሴት ናት። ታዲያ ምን ዋጋ አለው? የገዛ ባሏ አጠገቧ ተኝቶ ሲያልቅ ሦስት ወር ሙሉ አላየችም።

ባሏ ኤይኪቺ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ከጎረቤቱ ከቶራጂ ጋር በአንዲት ጀልባ ሰርዲን ሲያጠምድ ኖሯል። ወደ ባሕር ከመውጣቱ በፊት ከማታ የተረፈውን ሩዝ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገልብጦ ትኩስ አረንጓዴ ሻይ ያፈስበታል፣ በጨው የታሸ ፕሪም ጣል ያደርግበታል፣ ቆሞ ፉት ብሎት ይወጣል። አርባ ዓመት ቁርሱ ይኸው ነበር። ስድሳ ስምንት ኪሎ የሚመዝን፣ አንገቱ የወፈረ፣ ነገሩ ሁሉ ቀልድ የሆነ ሰው ነበር።

ባለፈው ዓመት አበባ በረገፈበት ሰሞን ቆሽቱ ላይ ካንሰር ተገኘበት። ቶራጂ ይህን ሲሰማ፣ "ታዲያ ምን ይገርማል? እትዬ ታዙኮ ቆሽትህን ስታሳርረው ስንት ዓመቷ!" አለና ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ፊቱን አዙሮ አፍንጫውን ተናፈጠ። በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬደው የከተማው ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር ኡካይ የምትባል ገና ለጋ ሐኪም ያዘችው። በቀዶ ጥገና የሚወጣ አይደለም አለች፤ በየሁለት ሳምንቱ ኬሞ ይወስድ ጀመር።

ታዙኮም ከመንደሩ በላይ ገደሉ ጫፍ ወዳለችው ትንሽ መቅደስ ወጣች። እንደ አገሩ ወግ እጇን ሁለቴ አጨብጭባ፣ "ኤይኪቺን ማርልኝ፤ እሱ እስኪድን ሻይ በአፌ አይዞርም" ብላ ተሳለች። ስለት የሚሰምረው ከሚወዱት ሲቆርሱ ነው። ታዙኮ ደግሞ ከባሏ ቀጥሎ የምትወደው ሻይ ነው፤ እሷን ብትጠይቋት ከባሏ በፊት ነው ትላለች። ቤት ውስጥ ካየሁት እጄ አያርፍም ብላ ቆርቆሮውን ከነሻይ ቅጠሉ ለቶራጂ ሰጠችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልና ሚስት ሙቅ ውሃ ይጠጡ ጀመር። ኤይኪቺ አንድ ቀን እንኳ አላጉረመረመም።

ነገሩን ያበላሸው መጽሐፍ ነው። አንድ የአገሩ ሊቅ ዕድሜውን ሙሉ እርሾ ላይ አፍጥጦ፣ ሴል ሲርበው የራሱን አሮጌ ዕቃ እየበላ እንደሚታደስ አሳይቶ ትልቁን የሳይንስ ሽልማት ካገኘ ወዲህ፣ ሰውየው ያላለውን ሁሉ እያሉ የሚጽፉ በዝተው ነበር። ቶራጂ ከእነዚህ አንዱን ከመድኃኒት ቤት ደርድረውት አይቶ ገዛው። ኤይኪቺ ቤት ዘው ብሎ ገባና፣ "አንተ፣ ስማ፣ መድኃኒትህን አገኘሁልህ! መራብ ብቻ ነው! አሥራ ስድስት ሰዓት ትጾማለህ፣ ያኔ ሰውነትህ የሚበላው ሲያጣ ዞሮ ካንሰሩን ይበላዋል። ኦቶፋጂ ይሉታል። የኛው ሰው ነው ያገኘው፣ የኛው!" አለው። ቶራጂን አትፍረዱበት። ጓደኛው እየሞተበት እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ያቃተው ሰው ነው።

ኤይኪቺ መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አነበበው። አሥራ ስድስት ሰዓት ከጠቀመ ሃያ ሰዓት የበለጠ ይጠቅማል አለ በልቡ። ታዙኮ ምሳ አስቀምጣለት ወደ መጋዘኗ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ሳህኑ ታጥቦ ታገኘዋለች። ደስ ይላታል፤ በሰላሙ ጊዜ እንኳ ሳህን አጥቦ የማያውቅ ሰው! አንድ ቀን በወደቡ በኩል ሲያልፉ፣ "ዘንድሮ እነዚህ ድመቶች ምን ቢያገኙ ነው እንዲህ የወፈሩት? ሆዳቸው መሬት ሊነካ ነው እኮ" አለችው።

"ጥጋብ ነው። ድመት ሁልጊዜ ጥጋበኛ ነው" አላት።

ጉንጩ መጉደጉዱን አይታለች፣ እንዴት አታይም። ግን ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሸረሸረው ወዲህ ሆስፒታል ሄዶ ሚዛን ላይ ሲወጣ ብዙም አልቀነሰም፤ ሃምሳ ሦስት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሃምሳ ሁለት ተኩል። "ጎበዝ አባቴ፣ ክብደትዎን ይዘዋል!" ትለዋለች ዶክተር ኡካይ፣ ፊቷ በርቶ። ኤይኪቺም ጎንበስ ብሎ ያመሰግናታል። ከሚዛንና ከዓይኔ ማን ይበልጣል ብላ ታዙኮ ሚዛኑን አመነች።

አንድ የኅዳር ከሰዓት፣ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ እየወረደ፣ ከኬሞ ሲመለሱ ኤይኪቺ ከአውቶቡሱ የመጨረሻ ደረጃ ወድቆ አስፋልቱ ላይ ተዘረጋ። ታዙኮ ተንበርክካ ኮቱን ከፈተች። ትንፋሹ ያጠረው ጠብቆበት ይሆናል ብላ የሆዱን መቀነት ፈታችው፤ ያቺን ብርድ እንዳይመታው ከወፍራም ነጭ ጥጥ ራሷ የሰፋችለትን። ከመቀነቱ ውስጥ አንድ ነገር ኳ ብሎ ወደቀ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ አንድ ላይ ተንከባለሉ። መረብ ወደ ታች የሚያሰምጡት የእርሳስ ድብልብሎች ነበሩ፣ ከባዶቹ። ጫፋቸው ላይ የታሰረውን ቀይ ክር አየች። የራሷ ቋጠሮ ነው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለችው።

"እርሳስ።"

"እርሳስ መሆኑ ጠፋኝ? አርባ ሦስት ዓመት የማስረው እኔ አይደለሁ? ሆድህ ላይ ምን ይሠራል ነው ያልኩህ!"

"ዓሣ እያጠመድኩ ነው" አለ። ሊስቅ ሞክሮ አቃተው። መሬት እንደተኛ ዝናቡ ፊቱ ላይ እየወረደ፣ "ታዙ፣ እባክሽ ሰው ሳያይ ሰብስቢው" አላት።

ቤት እንደገቡ ሚዛኑን ከመታጠቢያ ቤት አወጣችና ላዩ ላይ አቆመችው። ጠዋት ሆስፒታል ሃምሳ ሁለት ነው የተጻፈው። አሁን አርባ አምስት። ሰባት ኪሎ እርሳስ ተሸክሞ፣ ያንን የመሰለ የሆስፒታል ኮሪደር፣ ቀጥ ብሎ!

"መጀመሪያ አንድ ኪሎ ብቻ ነበር" አላት ጭንቅላቱን ደፍቶ። "ክብደቴ በወረደ ቁጥር የዚያች ልጅ ፊት ይጠቁራል። ይህን ያህል የምትደክምልኝን ሰው ምን ብዬ ላሳዝናት? ደግሞ ብነግራት ብላ ትለኛለች። ብበላ ጾሙ ይፈርሳል። ትንሽ ነው የቀረኝ ታዙ፣ እየተበላ ነው፣ ይሰማኛል።"

"ምሳህስ? ያ ሁሉ ምሳ?"

በመስኮቱ ወደ ወደቡ አየ። ታዙኮ ድመቶቹ ትዝ አሏት፤ በአንድ ጊዜ ሳቅም ልቅሶም መጣባት። ከዚያ የአፏን ሁሉ አወረደችበት። "አንተ ሽማግሌ! አንተ ከንቱ! እኔ ዓሣውን እሾህ ለቅሜ፣ ፈጭቼ፣ አንተ የወደብ ድመት ታደልባለህ?" ጮኸች፣ ጮኸች፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ። እሱ ተቀምጦ ሰማት። ሲበቃት አጠገቡ ቁጭ ብላ መቀነቱን እጇ ላይ ስትጠመዝዝ ቆየች።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ነደደ። አፉ ውስጡ ቆሰለ፣ ምራቁን መዋጥ አቃተው። በአምቡላንስ ወሰዱት። ታዙኮ ድብልብሎቹን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ከኋላው ሄደች። ዶክተር ኡካይ ቢሮ ገባችና ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፈታችው።

"ዶክተር፣ ይኸውልዎ ሰባት ኪሎ ባሌ" አለች።

ሐኪሟ ነገሩ እስኪገባት ድረስ ድብልብሎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ሲገባት ከወንበሯ ተነሳች። "እማማ፣ እኔ እኮ መድኃኒቱን የሰጠሁት ሃምሳ ሁለት ኪሎ ለሆነ፣ ለሚበላ ሰው ነው። በሦስት ወር ይህን ያህል መቅለጡን ባውቅ ግማሹን እንኳ አልሰጠውም ነበር።" ታዙኮ መሬት መሬት አየች።

ትኩሳቱ ሲበርድ ዶክተር ኡካይ አልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መጽሐፉን ቶራጂ አምጥቶላት አንብባዋለች።

"አባቴ፣ ጀልባዎ መሃል ባሕር ላይ ነዳጅ ቢጨርስና ብርዱ ቢጸናብዎ ምን ያነዳሉ?"

"ሳንቃዋን እየነቀልኩ።"

"የትኛውን?"

"የበሰበሰውን አስቀድሜ።"

"ሴልም ሲርበው እንዲሁ ነው። አሮጌውን፣ የተበላሸውን እየነቀለ ያነዳል፤ በዚያው ይጸዳል። መጽሐፉ እስከዚህ ድረስ አልዋሸም። በጤናችን ጊዜ ከካንሰር ሳይጠብቀን አይቀርም። ግን ካንሰሩ አንዴ ከሰፈረ በኋላ ይህን ዘዴ ለራሱ ያደርገዋል። የቆሽት ካንሰር ደግሞ በዚህ የታወቀ ነው። ምግብ ሲያጥረው፣ መድኃኒት ሲመታው፣ የራሱን ሳንቃ እየነቀለ ይቆያል። ከእርስዎም ይወስዳል።"

ኤይኪቺ ከትራሱ ቀና አለ። "እና እኔ ስራብ እሱ..."

"እሱ መራብ ያውቅበታል። ከእሱ በፊት እርስዎ ያልቃሉ።"

ታዙኮ ከአልጋው እግርጌ ቆማ ሁሉንም ሰማች። የባሏ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ በትዳር ዘመኗ አይታ አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየች።

ዶክተር ኡካይ ግን ሌላም ነገር ይዛ ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ ለጥቂት ሰው የሚሰጥ የመድኃኒት ሙከራ ሊጀመር ነው። ከኬሞው ጋር አንድ የድሮ የወባ ክኒን ይጨመራል፤ ክኒኑ የካንሰሩ ሴል ከራሱ የነቀለውን የሚፈጭበትን ሆዱን ይዘጋበታል። የራሱን በልቶ እንዳያመልጥ ነው።

"የወባ? በዚህ ብርድ?" አለ ኤይኪቺ። ከወደቀ ወዲህ የመጀመሪያው ቀልዱ ነበርና ታዙኮ ደነገጠች።

"ያድናል አልልዎትም። አንዳንዱን ትንሽ ይረዳ ይሆናል፣ ሌላውን ምንም ላይረዳ ይችላል። ለማወቅ ነው የሚሞከረው። ብቻ ለመግባት በራስዎ እግር መሄድ፣ አርባ አምስት ኪሎ መሙላት አለብዎት። ዝርዝሩ ከአራት ሳምንት በኋላ ይዘጋል።"

ከሆስፒታል የወጣ ቀን አርባ ሁለት ከስምንት ነበር። ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ይጎድለዋል፤ በአራት ሳምንት። አልሰማሁም እንዳትሉ፣ የአንድ ሰው ነፍስ እዚህ ላይ ነው የተንጠለጠለችው።

ታዙኮ መረቡን ትታ ቤት ገባች። እንቁላል በእንፋሎት አበሰለች፣ ዓሣ ፈጨች፣ ሰሊጥ ወቀጠች፣ ገንፎ የመሰለ የሩዝ ሾርባ ሠራች። ቶራጂ በየጠዋቱ ያጠመደውን ሁሉ በር ላይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ዓይኗን ማየት ፈርቶ። አንድ ቀን ጠብቃ ያዘችው። "ና ግባ፣ አንተ የመጽሐፍ ነጋዴ! አብረኸው ተቀመጥና አስበላው። ማስራቡን ስታውቅበት!" አለችው። ገብቶ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ይመጣል።

ኤይኪቺ አፉን ይከፍታል፣ ይይዘዋል፣ አይወርድለትም። ሁሉ ይሸተዋል። ከሽታው በላይ ደግሞ ፍርሃቱ። "ስበላ እሱን የማጎርሰው ይመስለኛል" አላት አንድ ቀን። "ብራብ ይጠግባል፤ ብበላ ይጠግባል። እኔ መቼ ነው የምጠግበው?"

"ምን ያምርሃል? የሚያምርህን ብቻ ንገረኝ፣ ከባሕር ሥርም ቢሆን አወጣዋለሁ" ትለዋለች።

"ምንም።"

ሁልጊዜ መልሱ ይኸው ነበር፣ ምንም። በየጠዋቱ ትመዝነዋለች። አርባ ሦስት ከሁለት። አርባ ሦስት ከስድስት። ከዚያ ወደ ኋላ፣ አርባ ሦስት ከአንድ። እሷ የምትቀቅለውን ሩዝ እየቀነሰች መጣች፤ የሚተርፈውን በየቀኑ መድፋት ጠልታ ነበር። መቅደሱ በየቀኑ ትወጣለች፣ ታጨበጭባለች። "ሻይ ብቻ አልበቃህም? ሌላ ምን ልተውልህ?" ትለዋለች አምላኩን፣ ባለ ጀልባውን እንደምትቆጣው እየተቆጣች።

ዝርዝሩ የሚዘጋበት ቀን ጠዋት አርባ አራት ሆነ። አርባ አራት ድፍን።

ልብሱን ስታለብሰው እጇ እንዴት እርሳስ ወደምታኖርበት ሳጥን እንደሄደ ራሷም አታውቅም። ትንንሾቹን መረጠች፤ አምስት ስትይዛቸው ኪሎ ይሆናሉ፣ እጇ ሚዛን ነው። መቀነቱን ስትጠመጥምለት አብራ ጠቀለለቻቸው። ብረቱ ሲነካው ኤይኪቺ ትንሽ ሸሸት አለ፤ ቀና ብሎ አያት። እሷ ቋጠሮው ላይ አፈጠጠች። አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ ሆስፒታል ሄዱ።

ነርሷ ስሙን ጠርታ ሚዛኑን አሳየችው። ኤይኪቺ ጫማውን አወለቀ። ከዚያ ሸሚዙን ገልጦ እጁን ወደ መቀነቱ ሰደደና ድብልብሎቹን እያወጣ ነርሷ ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ዶክተር ኡካይ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"ይሄ የባለቤቴ ነው" አለ። "በኔ ውሸት የደረሰውን አይተናል። እሷ ደግሞ አርባ ሦስት ዓመት ቀዳዳ ስትሰፋ እንጂ ውሸት ስትሰፋ አላየኋትም። አሁንም አትጀምርም።"

ሚዛን ላይ ወጣ። አርባ አራት።

"አንድ ኪሎ!" አለች ታዙኮ። "ዶክተር፣ አንድ ኪሎ እኮ አንድ ዓሣ ነው! ለአንድ ዓሣ ብለው ሰው ይመልሳሉ? እኔን ይመዝኑኝ፣ ከኔ ይቁረጡና ይጨምሩለት!" ነርሷ ልትደግፋት መጣች፤ ታዙኮ ገፋቻት። ዶክተር ኡካይ አልተቆጣችም። መስፈርቱን ያወጣችው እሷ አይደለችም፤ አርባ አራት ኪሎ ሰው ላይ ሁለት መድኃኒት መጫን ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ታውቃለች። ኬሞውን በግማሽ እቀጥላለሁ፣ ሌላ ሙከራ ሲከፈት እጠራዎታለሁ አለች። መቼ እንደሆነ አልተናገረችም። ማንም አልጠየቃትም።

ሲመለሱ፣ አውቶቡሱ ባሕሩ ወደሚታይበት ጥምዝ ሲደርስ ኤይኪቺ፣ "አሁን የሚያምረኝን ልንገርሽ?" አላት።

"ንገረኝ።"

"ሻይ የፈሰሰበት ሩዝ።"

ታዙኮ ዞራ አየችው። "ከመቼ ወዲህ?"

"ከመቼም ወዲህ። ሌላው ሁሉ ሲሸተኝ እሱ ብቻ ነው በሐሳቤ የሚመጣው።"

"አራት ሳምንት ሙሉ ምን ያምርሃል እያልኩህ! የተሳልኩት እኔ! አንተ ብትጠጣ ስለቱን ምን ይነካዋል?"

"አንቺ ለኔ ብለሽ ሙቅ ውሃ እየጠጣሽ እኔ ፊትሽ ተቀምጬ ሻይ ልጠጣ?" አለ። "እሱንስ አልችልም ታዙ።"

ያ የጎደለው አንድ ኪሎ ከቶራጂ መደርደሪያ ላይ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጦ ከርሟል።

ቤት ሳትገባ የቶራጂን በር ደበደበች። "ሻዬን መልስልኝ" አለችው። አላመነም፤ ፊቷን ሲያይ ግን ሳይጠይቅ አወጣው። ቆርቆሮው እንዳስረከበችው ነበር፣ አልተከፈተም። እሱም ሳይጠጣ ነው የከረመው።

ውሃውን አፈላች። ጠዋት የቀቀለቻትን ጥቂት ሩዝ ለሁለት ሳህን አካፈለች። የኤይኪቺ ላይ ሻዩን ስታፈስ ሽታው አፍንጫዋን መታው።

"ያንቺም ላይ አፍስሺ" አላት።

"አንተ ብላ።"

"ብቻዬን አልበላም።"

ታዙኮ ገደሉ ጫፍ ያለውን አምላክ አሰበች። ብጠጣና ቢሞት፣ በእኔ ጥማት ሞተ እላለሁ ዕድሜ ልኬን። ባልጠጣስ? አፈሰሰችው።

ኤይኪቺ ሳህኑን በሁለት እጁ ያዘ። "እሱን ላስርብ ብዬ እኔ ተራብኩ" አለ። "በቃ። እሱም ይብላ፣ እኔም ልብላ።" ፉት አለው። ወረደለት። እንደገና ፉት አለ። ታዙኮ የራሷን ረስታ የጉሮሮውን እንቅስቃሴ ትቆጥር ነበር። ሩዙን ጨርሶ ሳህኑን ዘረጋላት።

"ድገሚኝ" አላት።

ወደ ድስቱ ዞረች። ባዶ ነበር። ያንን "ድገሚኝ" አራት ሳምንት ሙሉ ስትለምን ከርማ፣ የተባለ ቀን ድስቷ ባዶ ሆኖ ተገኘ። የራሷን ሩዝ በማንኪያ እየገፋች ሳህኑ ላይ ገለበጠችለት። እሱ ሲበላ፣ ሳህኗ ሥር የቀረውን ሻይ እያለቀሰች ጠጣችና፣ ነገ ሩዙን በዛ አድርጋ እንደምትቀቅል ነገረችው።